ቁፋሮው ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆመ፤ የአልማዝ ቢት እንግዛ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ዳር ከወንድሞቼ ጋር ለወተት ላሞች እርባታ የውኃ ጉድጓድ እያስቆፈርን ነው። ባለሪጉ (የመቆፈሪያ ማሽኑ ባለቤት) በክንፍ ቢት ጀመረ፤ ቢት የሚሉት በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን መቆፈሪያ ነው። ዋልካውንና ከሥሩ ያለውን ጭቃ በአንድ ቀን 22 ሜትር ወረደ። ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ስላጋጠመው ቢቱን በትራይኮን ቀየረ። 31 ሜትር ላይ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ገባና ቆመ። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ ሜትር አይሞላም። ቢቱን ሲያወጣው ከጥርሶቹ ሦስቱ የሉም። አሁን ‹የአልማዝ ቢት ግዙልኝ፣ አልማዝ የማይቆርጠው ድንጋይ የለም፤ ካልሆነ ጉድጓዱን እዚሁ እንዝጋው› ይለናል። ጎረቤታችን ደግሞ ‹ቢቱ ፎርጅድ ስለሆነ ነው፣ ኦሪጅናል አምጡለት› ይላል። የቱን እንመን? ከሁሉም የሚጠነክረው ቢት የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ የአልማዝ ቢት አይግዙ። ኦሪጅናል ትራይኮን ፍለጋም አይድከሙ። ለዚህ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ዲቲኤች ሀመር (ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በአየር የሚመታ መዶሻ)፣ የካርባይድ (እጅግ ጠንካራ የብረት ውሕድ) ጥርስ ያለው በተን ቢትና ሁለቱን የሚችል ኮምፕሬሰር (አየር መጭመቂያ) ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የላይኛው 31 ሜትር በብረት ኬሲንግ፣ ማለትም ግድግዳውን በሚደግፍ ቱቦ፣ መያዝ አለበት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እነግርዎታለሁ። እሱን ካወቁ ከእንግዲህ ማንም ባለሪግ የሚልዎትን መመዘን አያቅትዎትም።

«ከሁሉም የሚጠነክር ቢት» የሚባል ነገር የለም። መሬት የሚቆፈረው በሦስት መንገድ ነው፦ በመፋቅ፣ በክብደት ተጭኖ በማድቀቅና በመምታት። እያንዳንዱ ቢት ከእነዚህ ለአንዱ ተብሎ የተሠራ ነው። ለመፋቅ የተሠራውን ቢት መመታት በሚገባው ድንጋይ ላይ ካስቀመጡት፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሬቱ ምንድነው የሚለው ነው። ቀጥሎ ሪጉ ምን ያህል ክብደት፣ ምን ያህል አየር ወይም ውኃ መስጠት ይችላል ይባላል። የቢቱ ዓይነት የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

የቆሙበትን መሬት እንይ። ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዙሪያውን ካሉት ተራሮች ለብዙ ዘመን የወረደ ጭቃ፣ ጠጠርና ትልልቅ ድንጋይ ተከምሮበታል። ከዚያ ሥር የወሎ ደጋ የቆመበት ባዛልት፣ እናንተ ጥቁር ድንጋይ የምትሉት፣ አለ። ይህ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ፣ አንዱ ፍሰት በሌላው ላይ እየተደረበ የቀዘቀዘ ነው። ከደሴ በሐረጎ ሲወርዱ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ልብ ብለው ይዩት። ባዛልት አንድ ወጥ አይደለም። ድፍን የሆነ አለ፣ የተሰነጣጠቀ አለ፣ በስብሶ በእጅ የሚፈረፈርም አለ። በሁለት ፍሰቶች መካከል ቀይ የአፈር ንጣፍ መግባቱም የተለመደ ነው።

ይህ ለእርስዎ ትልቅ ትርጉም አለው። በባዛልት ውስጥ ውኃ የሚገኘው በስንጥቁ፣ በበሰበሰው ክፍልና በፍሰቶቹ መገናኛ ላይ ነው። ድፍኑ ውኃ አይዝም። 31 ሜትር ላይ ያገኛችሁት ድፍን ንጣፍ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ጉድጓዱን መዝጋት ውኃውን ሳይደርሱበት መመለስ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ የግድ ውኃ አለ ማለቴ ግን አይደለም። ያንን የሚነግርዎት የውኃ ጂኦሎጂ ባለሙያ ነው። ጥናት ሳያስጠኑ ጀምራችሁ ከሆነ፣ ሌላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ባለሙያ ቦታውን ይየው።

አሁን ወደ ቢቶቹ እንሂድ። ባለሪጉ በክንፍ ቢት መጀመሩ ትክክል ነበር። ክንፍ ቢት ወይም ድራግ ቢት የሚባለው ሦስት ወይም አራት የብረት ክንፍ ያለው፣ አፈሩን እየፋቀ የሚወርድ ቢት ነው። ለዋልካ፣ ለጭቃና ለአሸዋ ከሱ የሚሻል የለም። ርካሽ ነው፣ ክንፉ ሲያልቅ በብየዳ ይታደሳል። ችግሩ ዋልካ ውኃ ሲያገኝ ማበጡ ነው። አብጦ ክንፉ ላይ ይለጠፋል፣ የውኃ ማውጫውን ይደፍናል፣ ጉድጓዱን ያጠባል። ባለሪጉ ቀስ ብሎ ካልወረደና በየጊዜው ከፍ ዝቅ እያደረገ ካላጠበው ዘንጉ ይታሰራል። ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ደግሞ ክንፍ ቢት ወዲያው መውጣት አለበት። ድንጋዩ ላይ እየዘለለ ዘንጉን ያጣምማል፣ ጉድጓዱንም ወደ ጎን ይወስደዋል። ከመጀመሪያው ሜትሮች ላይ የጠመመ ጉድጓድ በኋላ ኬሲንግም ፓምፕም አያስገባም።

ወደ ትራይኮን ልምጣ፤ ዋናው አለመግባባት ያለው እዚህ ነው። ትራይኮን ሦስት የሚሽከረከሩ ኮኖች አሉት። ኮኖቹ እየተንከባለሉ ጥርሶቻቸው ድንጋዩን ተጭነው ያደቅቁታል። ባለሁለት ኮኑ ቢት በአሜሪካ ለነዳጅ ቁፋሮ በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት አገኘ። ሦስት ኮን ያለው በ1930ዎቹ ተከተለ። የተፈለገው ለጥልቅ የነዳጅ ጉድጓድ ነበር። የነዳጅ ሪግ ደግሞ በቢቱ ላይ ከባድ የብረት ዘንግ ያንጠለጥላል።

ቁልፉ ያ ክብደት ነው። ትራይኮን ጠንካራ ባዛልትን እንዲያደቅቅ በእያንዳንዱ ኢንች ስፋቱ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ጫና ይፈልጋል። ቢቱ 8 ኢንች ከሆነ 16 ቶን ማለት ነው። በመኪና ላይ የተጫነ ተራ የውኃ ሪግ የሚገፋው ጥቂት ቶን ነው። 31 ሜትር ላይ ያለው ዘንግ ሁሉ ቢደመር አንድ ቶን ቢሆን ነው። የቀረውን ከየት ያምጣው? ጫናው ሲያንስ ጥርሱ ድንጋዩ ውስጥ አይገባም። ላዩን ያሻሸዋል። ሲያሻሽ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ይነቃቀላል። ሦስቱ ጥርሶች የወለቁት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ከ22 እስከ 31 ሜትር ባለው የድንጋይ ክምር ላይ ሲንገጫገጭ ነው። በሁለቱም ቢሆን «ፎርጅድ ነው» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ፎርጅድ ቢት በገበያ ላይ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን በዓለም ምርጡን ትራይኮን ብታመጡለት በዚህ ሪግ፣ በዚህ ጥልቀት፣ በዚህ ድንጋይ ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይለይም።

አንድ ማረጋገጫ መንገድ አለ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍርፋሪ በእጅዎ ይዘው ይዩት። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ቢቱ እያሻሸ እንጂ እየሰበረ አይደለም። ደህና የሚሠራ ቢት ጠርዝ ያለው፣ በጣት የሚያዝ ቁራጭ ያወጣል።

አልማዙስ? «አልማዝ የማይቆርጠው የለም» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። አልማዝ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲመታ ይሰበራል። በቁፋሮ ሥራ ደግሞ «የአልማዝ ቢት» ተብለው የሚጠሩት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ባለሪጉ የቱን እንደፈለገ ይጠይቁት።

የመጀመሪያው ፒዲሲ ቢት ነው። በፋብሪካ የተሠራ አልማዝ በካርባይድ ላይ ተለጥፎ፣ ድንጋዩን እየፋቀ ይሄዳል። ለስላሳና መካከለኛ ደለል ድንጋይ ላይ፣ ማለትም በሸክላ ድንጋይ፣ በኖራ ድንጋይ፣ ልል በሆነ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ድንቅ ነው። እንደ ኦጋዴን ባለ የደለል ድንጋይ አገር ቦታ አለው። በተሰነጣጠቀ ባዛልት ላይ ግን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ሲልበት የአልማዙ ጠርዝ ይሸረፋል። አንዴ ከተሸረፈ አይሞረድም። ገንዘባችሁ በአንድ ቀን ያልቃል።

ሁለተኛው የኮር ቢት ነው። ቀለበት ቅርጽ ኖሮት፣ መሃሉን ሳይነካ ዙሪያውን እየቆረጠ ድፍን የድንጋይ ናሙና ያወጣል። ይህኛው እውነትም ባዛልትን ይቆርጣል። ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት የሚደረገው የአፈር ምርመራ፣ የግድብና የማዕድን ጥናት ሁሉ በሱ ነው የሚሠራው። ደሴ ላይ መሬት በሚንሸራተትባቸው ዳገቶች መሠረት ለመጣል የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ለፓምፕና ለኬሲንግ የሚሆን ስፋት በሱ አይቆፈርም። በፍጥነት የሚዞር ቀላል ማሽንና የማያቋርጥ ውኃም ይፈልጋል። ከባለሪጉ ሪግ ጋር አይገናኝም።

ጎን ለጎን አንድ ነገር ልበል፤ ኮር ቢት የሚገዙ ወጣት ባለሙያዎች ሲሳሳቱ ስላየሁ ነው። በኮር ቢት ላይ አልማዙን የሚይዘው ብረት ለጠንካራ ድንጋይ ለስላሳ፣ ለሚፍቅና ልል ለሆነ ድንጋይ ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። ጠንካራው ድንጋይ አልማዙን ቶሎ ያደነዝዘዋል። ያዡ ብረት ቶሎ እየተበላ አዲስ አልማዝ ካላወጣ የቢቱ ፊት ልሙጥ ይሆንና መቁረጥ ያቆማል። «ጠንካራ ድንጋይ ስለሆነ ጠንካራ ቢት ስጡኝ» ብሎ ሱቅ የሚገባ ሰው የተገላቢጦሹን ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደሚያዋጣው እንምጣ። ዲቲኤች ሀመር የሚባለው በዘንጉ ጫፍ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ በአየር የሚሠራ መዶሻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በዘንጉ ውስጥ አየር ይልካል። አየሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ፒስተኑ ቢቱን ይመታል፣ ቢቱ ድንጋዩን ይሰብራል። ያው አየር ሥራውን ሲጨርስ ፍርፋሪውን ጠርጎ ወደ ላይ ያወጣል። ጥቁር ድንጋይ የሚጠርብ ግንበኛ ድንጋዩ ላይ በሰውነቱ ክብደት አይጫንም፤ መሮውን አስቀምጦ በመዶሻ ይመታዋል። ሀመሩም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ክብደት የማይፈልገው። ለ8 ኢንች ጉድጓድ ወደ ሁለት ቶን ይበቃዋል። ያንን ደግሞ የእናንተ ባለሪግ ሪግ መስጠት ይችላል። አየሩ ከበቃው በድፍን ባዛልት ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ሜትር መጠበቅ ያልተጋነነ ነው።

ግን «አየሩ ከበቃው» የምትለዋ ላይ ይቁሙ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

አየሩ ሁለት ሥራ አለበት፤ መምታትና መጥረግ። ለመጥረግ አየሩ በጉድጓዱ ግድግዳና በዘንጉ መካከል ቢያንስ በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት መውጣት አለበት። 8 ኢንች ጉድጓድ በ4 ተኩል ኢንች ዘንግ ሲቆፈር ይህ በደቂቃ 20 ሜትር ኩብ አየር ይሆናል። በኮምፕሬሰሩ ሰሌዳ ላይ በሲኤፍኤም (ኩብ ጫማ በደቂቃ) ከተጻፈ 700 ገደማ ነው። ጉድጓዱን 10 ኢንች ካደረጋችሁት በዚያው ዘንግ 36 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። ሁለት ኢንች ጨመርን ብላችሁ የአየር ፍላጎቱን በእጥፍ ልታስጠጉት ነው ማለት ነው። «ትንሽ ሰፋ ይበል» የሚል ምክር ሲመጣ ይህን ያስታውሱ። አየር ሲያንስ ፎም (አረፋ) መጨመር ይረዳል፤ ፎም ፍርፋሪውን በዝግታም ቢሆን ተሸክሞ ያወጣል።

ለመምታት ደግሞ ግፊት ያስፈልጋል። ለመንገድ ሥራ የሚከራየው፣ ጃክ ሀመር የሚነዳው ኮምፕሬሰር 7 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ለዚህ ጉድጓድ አይሆንም። ውኃ ሲገኝ ሁኔታው ይከብዳል፤ ከሀመሩ በላይ የቆመ እያንዳንዱ 10 ሜትር ውኃ አንድ ባር ይበላል። ጉድጓዱ 120 ሜትር ወርዶ ውኃው 40 ሜትር ላይ ከቆመ 8 ባር በውኃው ብቻ ይያዛል። ቢያንስ 17 ወይም 20 ባር የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ይጠይቁ። 24 ባር ከተገኘ እሰየው።

ከፍታውንም አይርሱ። የኮምፕሬሰሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ያለ አየር ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ የሚጎድለው ሩብ ያህል ነው። ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ይቀንሳል። አዋሽ ቆላ ላይ «ደህና ሠራ» የተባለ ኮምፕሬሰር ደሴ ላይ ሲደክም ብልሽት መስሎ ይታያል። ብልሽት አይደለም፤ አየሩ ነው።

ስለ በተን ቢቱም ጥቂት ልበል። ጥርሶቹ ክብ ጫፍ ያላቸው የካርባይድ እንክብሎች ናቸው። ሾጠጥ ያለ ጥርስ ለመካከለኛ ድንጋይ ይፈጥናል፣ በጠንካራው ላይ ግን ይሰበራል። ለድፍን ባዛልት ሙሉ ክብ ጥርስ ይጠይቁ። የቢቱ ፊት መሃሉ ጎድጎድ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ጉድጓዱ ቀጥ እንዲል ያግዛል። ጥርሱ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ጠፍጣፋው የጥርሱን ስፋት ሲሶ ሲያክል ወጥቶ መሞረድ አለበት። ባዛልት ኳርትዝ ስለማይበዛበት ጥርስን ቶሎ አይፍቅም። በዚህ የተነሳ ባለሪጎች «ገና አዲስ ነው» ብለው ይተዉታል። ከላይ ሳይበላ ግን ጥርሱ ላይ የእባብ ቆዳ የመሰለ ጥቃቅን ስንጥቅ ይፈጠራል። ያ ሲታይ ካልተሞረደ ጥርሱ ተሰብሮ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

ሀመሩም ወሰን አለው። ጭቃና ዋልካ ላይ አይሠራም፤ የሚመታው ጠንካራ ነገር ያጣል፣ የአየር መውጫውም ይደፈናል። ልል ጠጠርና የድንጋይ ክምር ላይ ደግሞ ድንጋዩን ይሰብራል፤ ነገር ግን አየሩ ግድግዳውን ያፈርሰዋል። ግድግዳው በሀመሩ ላይ ከተናደ ሀመርና ዘንግ አብረው ይቀበራሉ። ከ22 እስከ 31 ሜትር ያለው ክፍል በእናንተ ጉድጓድ ላይ ይህንን የሚያደርግ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ኬሲንግ ያልኩት። ክምሩ ከመክፋቱ የተነሳ በተራ መንገድ ኬሲንግ ካልወረደ፣ ቁፋሮውና ኬሲንጉ እኩል የሚወርዱበት፣ ቢቱ ከኬሲንጉ ሥር ተከፍቶ የሚቆፍርና ሲጨርስ ተሰብስቦ የሚወጣበት ዘዴ አለ። ውድ ነው። ለጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚያስፈልግ ግን የተቀበረ ሀመር ከመክፈል ይሻላል።

ስለዚህ እንዲህ ይደረግ። አንደኛ፣ የወለቁት ሦስት ጥርሶች ከጉድጓዱ ሥር ይውጡ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ካርባይድ በካርባይድ ላይ ሲመታ አዲሱ ቢት በመጀመሪያው ሰዓት ይበላሻል። መግነጢስ ይወርድ፤ በጥርሶቹ ውስጥ ኮባልት ስላለ በደካማውም ቢሆን ይስባቸዋል። መግነጢስ ካልያዛቸው በቅርጫት ማጥመጃ ይሞከር። ኮን ራሱ ላልቶ ወይም ወልቆ እንደሆነም ቢቱን አይተው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የላይኛው ክፍል ወደ 12 ኢንች ይስፋ። 10 ኢንች የብረት ኬሲንግ ወርዶ ከድፍኑ ባዛልት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር ይቀመጥ፣ እግሩም በሲሚንቶ ይታሸግ። ይህ ጭቃውን ከመያዝ በላይ ጥቅም አለው። የላሞቹ ሽንትና እበት ያለበት የላይኛው ውኃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድም ይከላከላል። ለማስፋት ቤንቶናይት (ከውኃ ጋር ተበጥብጦ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ የሸክላ ዱቄት) ከተጠቀሙ በዚህ ክፍል ብቻ ይሁን። ውኃ ያለበት ክፍል ላይ ቤንቶናይት ስንጥቁን ይደፍነዋልና አይግባ።

ከዚያ በ8 ኢንች ሀመር እስከ ታሰበው ጥልቀት ይውረድ። ዙሩ በደቂቃ ከ15 እስከ 25 ይሁን። ትራይኮን የለመደ ኦፕሬተር ሀመሩንም በፍጥነት ማዞር ይፈልጋል፤ ያኔ የዳር ጥርሶቹ ያልቃሉ፣ ጉድጓዱም እየጠበበ ይሄዳል። በጠበበ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ ስፋት ያለው አዲስ ቢት በኃይል አይግባ። ይቀረቀራል። ቢቱ የሚለወጥ ከሆነ ሰፊው ላይኛውን፣ ጠባቡ ታችኛውን ይቆፍር።

ዘይትም አለ። ሀመር ያለ ዘይት ፒስተኑ ይነክሳል። የሚገባው የሮክ ድሪል ዘይት ነው፣ ለመጠጥ ውኃ ጉድጓድ የሚሆነው ዓይነት። ከጋራዥ የመጣ የተቃጠለ ዘይት ሲጨምሩ ካዩ ያስቁሟቸው። ያ ዘይት የሚቀረው በምትጠጡት ውኃ ውስጥ ነው።

ሌላው ምርጫ የገመድ ቁፋሮ ነው፤ ከባድ መሮ እያነሱ መጣል። በድንጋይ ክምር ላይ የታወቀ ነው፣ ኮምፕሬሰርም አይፈልግም። በድፍን ባዛልት ላይ ግን በጣም ዘገምተኛ ስለሆነ ሳምንታት ይወስዳል። ሀመር የሚያመጣ ሰው ከጠፋ ብቻ አስቡት።

ከባለሪጉ ጋር ስላለው ውል የምለው አጭር ነው። ቢት እናንተ አትግዙ። ቢት የባለሪጉ መሣሪያ ነው። እናንተ ከገዛችሁለት የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይኖረውም፣ ሲሰበርም ጥፋቱ የዕቃው ይሆናል። ክፍያው በሜትር ይሁን፤ ለአፈርና ለድንጋይ የተለያየ ዋጋ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፣ ተስማሙ። ውሉ ላይ የኮምፕሬሰሩ ግፊትና የአየር መጠን በቁጥር ይጻፍ። በየሁለት ሜትሩ የፍርፋሪ ናሙና በፌስታል እየታሰረ፣ ጥልቀቱ እየተጻፈበት ይቀመጥ። የፈጀው ጊዜም ይመዝገብ። ግራጫ ጥቁር የሆነ ጠንካራ ቁራጭ ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥና ቁፋሮው በድንገት ሲፈጥን ውኃ ሊኖር የሚችልበት ቦታ ነው። በኋላ ወንፊት ያለው ኬሲንግ የት ላይ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በዚያ መዝገብ ነው። ያለ መዝገብ በግምት የተቀመጠ ወንፊት ጥሩ ጉድጓድን ደረቅ ያስመስላል።

ፈቃዱንም ይመልከቱ። በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በማሽን የሚቆፈረው ግን ይጠይቃል። ባለሪጉም የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ወረቀቱን አሳየኝ ማለት መብትዎ ነው።

ባለሪጉ ሀመርና ኮምፕሬሰር ከሌለው እስካሁን የቆፈረውን ሜትር ከፍላችሁ አሰናብቱት፤ ላይኛውን 31 ሜትር በደንብ ሠርቶት ከሆነ ድካሙ አይጠፋም፣ ሀመር ያለው ሌላ ባለሪግ ከዚያው መቀጠል ይችላል። ነገር ግን ኬሲንግ ሳይገባ ሪጉ ከቦታው አይነሳ። ባዶውን ከተተወ ዋልካው አብጦ፣ የድንጋይ ክምሩም ተንዶ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉድጓዱን ይዘጋዋል፤ ቀጣዩ ባለሪግም ከዜሮ ያስከፍላችኋል። ኬሲንጉ ገብቶ እግሩ ከታሸገ በኋላ አፉ ላይ የብረት ክዳን በብየዳ ይመታ፤ ግቢው ውስጥ ልጆችና ጥጆች አሉ።